የጎጃም ዘንዶ የት ይደር?

ክሩን፣ ማለትም ጥያቄ ቀርቦ በቁጥር የተራ መልስ የሚጻፍበትን ውይይት፣ የከፈቱት ሰው ከደብረ ማርቆስ ናቸው። ዘንዶ የሚጋልቡ ጀግኖች፣ ከሰው ዓይን የተሰወሩ ውብ ፍጡራንና አስማት ያሉበት የፍቅር ልብ ወለድ ጀምረዋል፤ ምድሩ ጎጃም፣ ዘመኑ ባሩድ ወደ አገሩ ከመግባቱ በፊት ነው። ረቂቃቸውን ባጭሩ ዘርዝረዋል። ልጅቱና ዘንዶ ጋላቢው ደም የተቃቡ የሁለት ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ዘንዶው 20 ሜትር ይረዝማል፣ 10 ኩንታል ይመዝናል፣ ጣና ሥር ይተኛል። ከስውሮቹ አንዱ ልዑል በሁለቱ ቤተሰብ መካከል ያለውን ደም ሊያደርቅላት፣ እሷም በምላሹ ሰባት ዓመት ከእሱ ዘንድ ልትኖር ውል ይገባባሉ። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ጠየቁ፦ ስውሮቹ ምን ተብለው ይጠሩ? የዘንዶው ማደሪያ ያስኬዳል ወይ? ልጅቱስ ከውሉ እንዴት ትውጣ?

ክሩን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። በአማርኛ እንዲህ ያለ ልብ ወለድ ለመጻፍ ለሚነሣ ሰው ብዙ ስንቅ አለበት። ስለዚህ በመልሶቹ ቁጥር እየሄድኩ ላካፍላችሁ፤ የተደጋገሙትን ዘልያለሁ።

1ኛው መልስ እንኳን ደስ ያለዎ ብሎ ይጀምርና ስም ላይ ያተኩራል። ዘንዶ የሚለው ቃል ለቆላ አንባቢ የሚያውቀው እባብ ነው፤ ክንፍም እሳትም የለውም። ክንፍ ያለውን አውሬ የጎጃም ሰው የሚያየው በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ነው፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ እግር ሥር ተጋድሞ፣ ብሩታዊት ከዛፍ ላይ ሆና ስትመለከት። የዚያ ስሙ ደራጎን ነው። መልሱ የሚያቀርበው ሐሳብ ተራው ሰው ዘንዶ ይበለው፣ መጽሐፍ የተማረው ደብተራ ደራጎን ይበለው የሚል ነው። ማን እንደሚናገር አንባቢ በአንድ ቃል ይለያል። ይህ ምክር ወዲያው ሥራ ላይ የሚውል ነው።

2ኛው መልስ ጣናን አፈረሰው። ጸሐፊው ወንድማለም እያለ በትሕትና ነው የሚናገረው፤ ቁጥሩ ግን አይምርም። ጣና ሰፊ ነው፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ በጠለቀበት ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። 20 ሜትር የሚረዝም ዘንዶ እዚያ ቀጥ ብሎ ቢቆም ጭንቅላቱ ከውኃው በላይ ይወጣል። ጋደም ቢልም ዳሩ አካባቢ ደንገል የሚያጭደውና በታንኳ የሚመላለሰው ሰው ያየዋል። የጠለቀ ውኃ ከተፈለገ እንጅባራ አጠገብ ያለው ዘንገና ይሻላል፤ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው፣ ጥልቀቱም 166 ሜትር ገደማ ይደርሳል።

3ኛው በዘንገና ተስማምቶ ችግሩን ጨመረበት። ሐይቁ ጥልቅ ይሁን እንጂ ስፋቱ ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው፤ ዙሪያውን ቀጥ ያለ ጠርዝና ጫካ ከቦታል። ከውኃው ተነሥቶ ለመብረር መንደርደሪያ የለም። ስለዚህ ዘንገና ለመደበቂያ እንጂ ለመኖሪያ አይሆንም፤ የቆሰለ ዘንዶ የሚሸሸግበት አንድ ምዕራፍ ሊጻፍበት ይችላል።

4ኛው መልስ ስለ እንቁላል ነው፤ ካነበብኳቸው ሁሉ በጥንቃቄው የበለጠብኝም እሱ ነው። የእውነተኛው ዘንዶ እናት ከ20 እስከ 100 እንቁላል ትጥላለች፤ ተጠምጥማባቸው ሦስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ትቆያለች፤ በዚያ ጊዜ አትበላም። እንቁላሉ ሙቀት ይሻል። ረቂቁ ደግሞ ጫጩቶቹን ጮቄ ተራራ ላይ ያስፈለፍላል። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጅባራና አስታ የሚበቅልበት ውርጭ ምድር ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ እንቁላል ቀርቶ ውኃ ያረጋል። ስለዚህ መፈልፈያው የዓባይ በረሃ ይሁን ይላል፤ ከደጀን ወደ ታች ሲወረድ ድንጋዩ ሌሊትም ሙቀቱን አይለቅም። ዘንዶይቱ በረሃ ትፈልፍል፣ ደጋ ወጥታ ታድን። እናትየው ሦስት ወር አትበላም ማለት ደግሞ ሦስት ወር አትበርም ማለት ነው፤ ጋላቢው በዚያ ጊዜ እግረኛ ይሆናል። መልሱ ልጅቱና ጋላቢው የሚቀራረቡበት ወቅት ይኸው ይሁን ብሎ ያበቃል። የፍቅሩን ጊዜ ከእንቁላሉ ጊዜ ጋር ማሰሩ ግሩም ነው።

5ኛው ወደ በረራው ሄደ። እስካሁን ከታወቁት በራሪ እንስሳት ትልቁ፣ ከጠፋ ብዙ ሚሊዮን ዓመት የሆነው፣ ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 10 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱም 250 ኪሎ ቢደርስ ነው። 10 ኩንታል የሚመዝን አውሬ ሁለት ሰው ጭኖ በክንፉ ብቻ አይነሣም። ያውም ጮቄ አናት ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር 60 በመቶ ገደማ ነው፤ ክንፍ የሚቀዝፈው አየር ሳስቷል። መፍትሔ ብሎ ያቀረበው የአሞራውን ልማድ ነው። ጆፌ አሞራ ጠዋት ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ፀሐይ በረሃውን ስታግለው፣ ከ4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ፣ ሙቅ አየር ገደሉን ይዞ ሲወጣ ክንፉን ዘርግቶ ይጫንበታል፤ ማራገብ አያስፈልገውም። ዘንዶውም እንደዚያ ቢያደርግ ከአፋፍ ተወርውሮ ይነሣል፤ ከሜዳ ግን አይነሣም። ከ10 ሰዓት በኋላም አየሩ ይሞታል። በሌሊት ማምለጥ አይቻልም ማለት ነው፤ ከተቻለም በአስማት ነው፣ አስማቱም ዋጋ ይጠይቃል።

6ኛው መልስ በዚህ ተቆጣ። ልብ ወለድ ነው እንጂ የሒሳብ ደብተር አይደለም፤ አስማት ባለበት ዓለም ስለ አየር ግፊት ማውራት ምናብን መግደል ነው ይላል። 7ኛው የመለሰው ሳይቆጣ ነው፤ ነገሩን ግን አልለቀቀውም። ዘንዶው በፈለገው ሰዓት ከፈለገው ቦታ የሚነሣ ከሆነ ልጅቱን የሚያስጨንቅ ነገር የለም፤ በምዕራፍ 3 ከተያዘችበት ቤት በምዕራፍ 3 ትወጣለች። ክልከላው ነው ታሪኩን የሚሸከመው። እኔም ከ7ኛው ጋር ነኝ።

8ኛው ምግቡን አሰላ። በደመ ሙቅ አዳኝ እንስሳ ልክ ከተሰላ 10 ኩንታል የሚመዝን ዘንዶ በቀን 23 ኪሎ ገደማ ሥጋ ይፈልጋል። ያገር በሬ በቁሙ ከ250 እስከ 300 ኪሎ ነው፤ ግማሹ ቢበላ አንድ በሬ ለአምስት ለስድስት ቀን ይበቃዋል። በ11 ቀን አንድ ጥማድ አለቀ ማለት ነው፤ በዓመት ከ30 በላይ ጥማድ። አንድ ጥማድ የአንድ ገበሬ እርሻ ነው። ስለዚህ ዘንዶ የሚያኖር ጌታ በየዓመቱ 30 ገበሬ ያለ በሬ ያስቀራል። የደሙ ምክንያት ከዚህ ይምጣ ይላል፤ የልጅቱ አባት ጥማዱን አላስነካም ብሎ የወደቀ ይሁን። በረቂቁ ላይ የደሙ መነሻ አልተገለጸም ነበርና ይህ ትልቁን ቀዳዳ ደፈነው።

9ኛው ርቀት ነው። ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር በአየር 145 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚበር ዘንዶ ሁለት ሰዓት ተኩል። በቅሎ ግን በእንጅባራ ዞራ ሳምንት ይፈጅባታል። ረቂቁ ሁለቱም በአንድ ቀን እንደሚደርሱ ያደርጋል፤ መታረም አለበት። ከዚሁ ጋር ስለ ዘመኑ ጥቂት እርማት አከለ። በዚያ ዘመን ደብረ ማርቆስ የሚባል ከተማ የለም፤ ቦታው መንቆረር ነው፤ አዲሱ ስም የመጣው በ19ኛው መቶ ዘመን፣ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጊዜ ነው። ሁለቱ መጀመሪያ የተሳሳሙት ባሕር ዛፍ ሥር ነው፤ ባሕር ዛፍ ግን በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባ ነው። በቆሎም ድንችም በርበሬም ከአሜሪካ ምድር የመጡ ናቸው፤ ባሩድ ሳይገባ ቀይ ወጥ አይቀርብም። ዋንዛ ወይም ሾላ ሥር ይሳሳሙ፤ ወጡም አልጫ ይሁን።

10ኛው የአርዌን ታሪክ አነሣ፤ በዘንዶ ግብር የሚገዛ ሕዝብ በጎጃም ነበረ ብሎ። 11ኛው ቶሎ አረመው። አርዌ የአክሱም ትውፊት ነው፤ ፍየልና ልጃገረድ ይገበርለት የነበረው ዘንዶ የነገሠው እዚያ ነው። ወደ ጎጃም መጎተት አያስፈልግም፤ የ8ኛው መልስ ጥማድ የጎጃምን ግብር በደንብ ያሳያል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ሞቀ።

12ኛው መልስ ስለ ስውሮቹ ሲናገር የታወቀውን ትውፊት አነሣ። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት፤ እግዚአብሔር ሊያያቸው ሲመጣ በመልክ ያማሩትን 15ቱን ሸሸገች፤ የተሸሸጉት ተሸሽገው ይቅሩ ተባለ፤ ዛር የሚባሉት እነዚያ ናቸው። ውበትና ስውርነት፣ በዚያ ላይ ከሚታዩት ወንድምና እህቶቻቸው የተቀያየሙ ፍጡራን፤ የፍቅር ልብ ወለድ ሌላ ምን ይፈልጋል? ሰዎቹ ዛር ይባሉ አለ። 13ኛው ቀጥ ብሎ ተነሣበት። ዛር የልጆች መጫወቻ አይደለም፤ ሰው የሚያስተኛ፣ ቤት የሚያራቁት፣ ገብስማ ዶሮና ጨሌ እያለ የድሃ እናት መቀነት የሚያስፈታ መከራ ነው፤ እሱን ውብ ልዑል አድርጎ ለልጃገረድ ማጋባት ነውር ነው አለ። 14ኛው አጸፋውን ከዚያ አብልጦ መለሰ፤ በዚህ ዓይነት ሰይጣን ያለበት ተረት ሁሉ ሊቃጠል ነው ወይ? የሰው ታመመ ብሎ የሰው ብዕር ማሰር አግባብ አይደለም አለ። ሦስት አራት መልስ እንዲህ ተወራወሩ። በስድብ የታጀቡት ተሰርዘዋል፤ ቁጥራቸው ብቻ ቀርቷል።

18ኛው ነው ያበረደው። ጽሑፉ የቤተ ክህነት ሰው እንደሆነ ያስታውቃል። ስውራን ማለትም እንደማይሆን አስረዳ፤ ስውራን ከዓለም ተለይተው ከሰው ዓይን የተሰወሩ አባቶች የሚጠሩበት ስም ነው፤ እነሱን ከዚህ ማደባለቅ አንባቢን ያሳዝናል። ኅቡኣን ማለትም ያስቸግራል፤ ኅቡእ ስም የሚባለው የፈጣሪ ስም ነው። ዛር የሚለው ስም ደግሞ 13ኛው እንዳለው የታመመ ሰው አለበት። ታዲያ ትውፊቱን ይዞ ስሙን መተው ይቻላል፤ በቁጥራቸው ይጠሩ፣ አሥራ አምስቱ ይባሉ። ሔዋንን የሚያውቅ አንባቢ ይገባዋል፤ የማያውቅም የዚያን ቁጥር ምክንያት እየፈለገ ያነባል። አሥራ አምስቱ! ከክሩ ሁሉ ለአንድ መልስ ብቻ ማመስገን ብችል ለዚህ ነው።

በ19ኛው የክሩ ባለቤት ተመለሱ። ስሙን ተቀበሉ፤ ጣናንም ተዉ። በመጨረሻም ወንድማለም ላሏቸው ሁሉ ሴት መሆናቸውን ገለጹ። ክሩን መልሶ ላየ ሰው ነገሩ ይገርማል፤ እስከዚያ ድረስ እኔ፣ ጻፍኩ፣ ጀመርኩ እያሉ ነው የሄዱት፤ በአማርኛ ደግሞ አንደኛ መደብ ጾታ የለውም።

20ኛው ይህችን አጋጣሚ ወደ ሙያ ለወጣት። የእኛ ግሥ በሦስተኛ መደብ መጣ ወይም መጣች ሳይል አያልፍም፤ ስለዚህ ሌላ መልክ ለብሶ የሚመጣን ፍጡር ጾታ መሸሸግ ጭንቅ ይመስላል። ግን ሁለት በር አለ። አንዱ ክሩ ራሱ እንዳሳየው በእኔ መተረክ ነው። ሁለተኛው አንቱታ ነው፤ መጡ፣ ተቀመጡ፣ ፈገግ አሉ ሲባል ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። ከአሥራ አምስቱ አንዱ በሽማግሌ አምሳል ወደ ልጅቱ ቤት ሲገባ በአንቱታ ይጻፍ፤ የሚገለጥበት መስመር ላይ ብቻ ግሡ ወደ ነጠላ ይውረድ። ጥንቃቄው፦ የሌሎቹ እንግዶች አንቱታም ቀድሞ መለመድ አለበት፤ አለበለዚያ ለአንዱ ብቻ ሲሆን አንባቢ ይነቃል።

21ኛው በዚያው መሥመር ወደ ፍቅሩ ገባ። ልጅቱ ጋላቢውን እንደ ደመኛና እንደ ጌታ ልጅ አንቱ ትበለው፤ እሱም ይራቃት። አንተ የምትለው አንድ ቀን ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ተቆጥታ ይሁን እንጂ በፍቅር አይሁን፤ ዘንዶው ሊጥለው ሲል አንተ ልጅ ብላ ትጩህ። ከዚያ ወዲያ ወደ አንቱ መመለስ ያሳፍራታል፤ አንተ ማለትም ያስፈራታል፤ ስለዚህ ለጥቂት ገጾች ስሙንም ተውላጠ ስሙንም ሸሽታ ትናገር። መሳሳሙ ከዚህ በኋላ ቢመጣ እንኳ አንባቢው የሚያስታውሰው ይህችን ነው። ረቂቁ አንተና አንቺን ከምዕራፍ 1 ጀምሮ በነጻ መጠቀሙ ትልቅ ሀብት ማባከን ነው ይላል፤ እውነቱን ነው።

22ኛው ወደ ውሉ መጣ፤ ይህን ክር ያስነበበኝም ይኸው ነው። በሌላው ዓለም ተረት ስውሮቹ አይዋሹም፤ የሚያታልሉት በቃል አገባብ ነው። ጎጃም ግን በቃል አገባብ ላይ ትምህርት ቤት የሠራ አገር ነው፤ የቅኔ ትምህርት ቤቶቹ ዋሸራና ጎንጅ ለምን ቆሙ? የአሥራ አምስቱ አስማት ቅኔ ይሁን። ጀማሪው ሁለት ቤት (ስንኝ) ያለው ጉባኤ ቃና፣ ቀጥሎ ሦስት ቤት ዘአምላኪየ፣ እስከ ስምንት ቤት መወድስ ይውጣ፤ የኃይሉ ልክ በቤቱ ቁጥር ይታወቅ። ቅኔ ደግሞ በየጊዜው አዲስ ይቆጠራል፣ ማለትም ይደረሳል፤ የሌላውን መልሶ መቀኘት ስርቆት ነው። ስለዚህ አስማቱ በቃል አይጠናም፤ አንዱ ለሁለት ጊዜ አይሠራም። ልጅቱ የልዑሉን አስማት ሰምታ ብትይዘው አይጠቅማትም፤ ራሷ መቁጠር አለባት።

ለውሉ ያቀረበው ኅብር፣ ማለትም ሁለት ትርጉም የሚሰጥ ቃል፣ «ስለት» የሚለው ነው። ስለት የቢላዋ አፍ ነው፤ ስእለትም በአነጋገር ስለት ይባላል። ልዑሉ ስለቴን አስገባለሁ ሲል እሷ ቃሉን የሚፈጽም መስሏት ትስማማለች፤ እሱ ግን ስለታምን ነገር ሊያስገባ ነው። 23ኛው የሰዋስው እርማት አመጣ። አስገባልሻለሁ ካለ ለእሷ ነው፣ አስገባብሻለሁ ካለ በእሷ ላይ ነው፤ «ል» እና «ብ» ኅብሩን ይከፍቱታል። ልዑሉ ሁለቱንም ትቶ አስገባለሁ ብቻ ማለት አለበት። አስተዋይ ልጅ ደግሞ ለማን ብላ መጠየቅ ነበረባት፤ አለመጠየቋ ስሕተቷ ይሁን። በጽሑፍም ኅብሩ አይሠራም፤ ስእለት ተብሎ ሲጻፍ «እ» ትታያለች። ስለዚህ አሥራ አምስቱ ውል አይጽፉም፤ ደብተራ ይዛ የመጣችውን ልጅ ብዕር የሚያስጥሏት ለዚህ ነው።

24ኛው መውጫውን አሳየ። ሰይፍ አይደለም፤ ሙግት ነው። በላ ልበልሃ ተብሎ ዳኛ ፊት ይቆማል፤ ተሟጋች ይወራረዳል፤ ማር ይገባል፣ በቅሎ ይገባል፣ ፈረስ ይገባል፤ ዋስ ይጠራል። ልጅቱ ልዑሉን ወደ ሙግት ካስገባችው በደንቡ ይታሰራል። የመጨረሻ ውርርዷም ማር ይሁን፤ ማር ስትል የምታስይዘውን ማር ሰምቶ ይስማማል፤ እሷ ግን ማረው፣ ይቅር በለው ማለቷ ነው። በገዛ ስምምነቱ ደመኛዋን ምሯል። ጊዜውም ጳጉሜን ይሁን፤ ከ12ቱ ወር ውጭ ያሉ አምስት ቀናት፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት፤ ሰባት ዓመት ብሎ የተዋዋለ እነዚያን ቀናት አልቆጠረም ብሎ መከራከር ይቻላል።

ማር ሲነሣ ጊዜ ክሩ ለትንሽ ጊዜ ጠጅ ቤት ገባ። 25ኛው ውርርዱ ጠጅ ይሁን አለ፤ 26ኛው ለአንድ እጅ ማር ሦስት እጅ ውኃ ነው አለ፤ 27ኛው አራት እጅ ካልሆነ ይከብዳል፤ ጌሾው ቀድሞ ካልወጣ ይመርራል አለ። 28ኛው ወደ ልዑሉ እንመለስ ብሎ አሳሰበ።

29ኛው ስለ ክታብና ስለ ስም ነው። ክታብ ለአንድ ሰው ነው የሚጻፈው፤ የብራናው ርዝመት በባለቤቱ ቁመት ይለካል፤ ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ ተቆርጦ እየተሰፋ ይቀጠላል፤ በውስጡ የባለቤቱ የክርስትና ስም ይገባል። በረቂቁ ልጅቱ የአያቷን ክታብ ታስራ ትድናለች፤ ይህ አይሆንም፤ ስሙ የአያቷ፣ ቁመቱም የአያቷ ነው። አሥራ አምስቱም የሚፈልጉት ያንኑ የክርስትና ስም ነው። ኮከብ ቆጣሪ የሰውየውን ስምና የእናቱን ስም ፊደል ደምሮ በ12 ይገድፋል፤ በሚተርፈው ኮከቡን ያውቃል። እናቷን ያላወቀ ልዑል ሒሳቡ አይሞላለትም። ስለዚህ የእናቷ ስም እስከ መጨረሻው ምዕራፍ አይነገር።

30ኛው መስተፋቅርን አነሣ፤ ረቂቁ ላይ ጋላቢው ለልጅቱ ያጠጣታልና። እዚህ ላይ የሁሉም ቃል አንድ ሆነ፤ እኔም እጨምራለሁ። በመስተፋቅር የወደደች ሴት አልወደደችም። መስተፋቅር ካለ ልዑሉ ያጠጣት፤ ጋላቢው መፍትሔውን ፈልጎ ያምጣላትና፣ ከጠጣች በኋላ ሳትወደው ትቆይ። ያኔ መጠበቁ ይታያል።

31ኛው አንዲት ቃል ብቻ አስቀመጠ፤ ፈረስ። ዛር የሰፈረበት ሰው ፈረስ ይባላል፤ ጋላቢው ዘንዶውን ሲጋልብ ልዑሉ ጋላቢውን ይጋልብ። ስሙን ብንተወውም ኅብሩን አንተው ይላል። መጽሐፉ ውስጥ ፈረስ የሚለው ቃል በመጣ ቁጥር ማን ማንን እንደተቀመጠበት አንባቢ ይመረምራል። 13ኛውን የጻፈው ሰው በ32ኛው ተመልሶ፣ በዚህ መንገድ ከሆነ መከራውም አልተደበቀም ብሎ እሺታውን ሰጠ።

33ኛው ስለ ዕቃው ነበር። የድሮው ጋላቢ በባዶ እግሩ ነው፤ እርካቡ ትንሽ ቀለበት ናት፤ የሚገባባት አውራ ጣት ነው። በጮቄ ከፍታ፣ በንፋስ፣ ጣቱ ይደርቃል። ሙሉ እግር የሚይዝ እርካብና በርኖስ ያስፈልገዋል፤ ኮርቻውም በአንድ ጠፍር ሳይሆን ከክንፉ ፊትና ኋላ በሁለት ይታሰር፤ ክንፍ ሲነሣ ደረት ስለሚሰፋ አንዱ ይላላል።

በ34ኛው የክሩ ባለቤት አንድ ጥያቄ ጨመሩ። ጦረኛ በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ናቸው፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። በመጨረሻው ምዕራፍ ዘንዶው ለልጅቱ ያድራል፤ ስሙም ነበልባል ነው። ሴት አባ አትባልም፤ ታዲያ ምን ትባል?

35ኛው መልስ እማ የሚል አዲስ ስም መፍጠርን ከለከለ። ወታደሩ እንደለመደው ይጥራት፤ ግሡ ግን የእሷ ይሁን። አፋፍ ላይ ቆመው ጢሱን ሲያዩ አባ ነበልባል መጣች ይበሉ።